ሳንሱሲ ስንት ቀለም ነው? የባዕድ ስሞች ንባብ በአማርኛ ስንኝ ውስጥ

ከጳውሎስ ተነሥቶ በዊንጌትና በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳንሱሲ የሚባል ሠፈር አለ። የምኖረው እዚያ ነው። ጧትና ማታ በምሳፈርበት ሚኒባስ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዊንጌት! አስኮ! ሳንሱሲ!» እያለ ሲጣራ ለዓመታት ሰምቻለሁ። ስሙ ስንት ቀለም እንዳለው ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። ቆም ብዬ እንድቆጥር ያደረገኝ በሥራዬ ላይ የፈጸምኩት አንድ ስሕተት ነው፤ ይህም ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያው ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ የቀረበ አንድ ጥናት እንዳርም ተሰጠኝ። አጥኚዋ ተማሪ ያተኮረችው በከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት» ላይ ነበር። በአንደኛው ምዕራፍ የመጽሐፉ ርእስ ራሱ አንድ የወል ቤት ሐረግ እንደሆነ፣ ማለትም ስድስት ቀለም እንዳለው፣ ስሞቹም በአማርኛ አንባቢ አፍ ላይ በቀላሉ የተቀመጡት በከፊል ለዚህ ሳይሆን እንደማይቀር ትከራከራለች። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ከርእሱ ውጪ ዡልዬት ባለችበት ቦታ ሁሉ ሰርዤ «ጁሊየት» አልኩ። በኅዳጉም «በእንግሊዝኛ ሦስት ቀለም ነው፤ ድምሩ ሰባት ይሆናል፤ መከራከሪያው አይቆምም» ብዬ ጻፍኩ። ጥናቷን በቃል ስታቀርብም ይህንኑ አነሣሁባት።

«መምህር፣ እኔ የቆጠርኩት አፌ ላይ ያለውን ነው» አለች።

«ስሙ የአንቺ አይደለም። የባለቤቱን አነጋገር መጠበቅ አለብሽ» አልኳት።

ዝም አለች። ያ ምዕራፍ የጥናቱ እምብርት ስለነበር ውጤቷ ዝቅ አለ። ተመርቃ ሄዳለች፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ዛሬ ነገሩን መልሼ ስመረምረው ትክክለኛዋ እሷ እንደነበረች አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ላስረዳ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። በሥነ ግጥም ትምህርት ቀለም የምንለው ፊደልን አይደለም። ቀለም አንድ አናባቢን ማዕከል አድርጎ የሚወጣ የድምፅ ምት ነው። «ትምህርት» በጽሕፈት አምስት ፊደላት አሉት፤ በአፍ ግን ትም-ህርት ተብሎ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። «ልብስ» ሦስት ፊደል፣ አንድ ቀለም ነው። የግራ መጋባቱ ምንጭ ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንዴ ባዶ ተነባቢ ይሆናል፤ አጻጻፋችን ግን ሁለቱንም በአንድ መልክ ያሳያቸዋል። በ«ትምህርት» ውስጥ የመጀመሪያው ት አናባቢ አለው፣ የመጨረሻው ት የለውም፤ ለዓይን ግን አንድ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ በገዛ ቋንቋው ቃላት ላይ ይህን ሳያስበው ይለያል። የማያውቀው የባዕድ ስም ሲመጣበት ግን መሪ ያጣል። ስለዚህ ወይ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ወይም እንደ እኔ ሮጦ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይከፍታል። ተማሪዎቻችን በብዛት የሚወድቁት በመጀመሪያው ጉድጓድ ነው፤ መምህራን በሁለተኛው።

የስንኝ ምጣኔያችን በዚሁ ቆጠራ ላይ የቆመ ነው። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ካሳተሙት ጥናት ወዲህ፣ ኋላም ብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ባሉት መጽሐፋቸው ነገሩን ካሰፉት ወዲህ፣ የቤቶቹን ስም የማያውቅ የክፍላችን ተማሪ የለም። የወል ቤት በየሐረጉ ስድስት ቀለም ይይዛል፤ ሰንጎ መገን አምስት፤ የጸጋዬ ቤት ስምንት። አንድ ቀለም ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ጆሮ ወዲያው ይሰናከላል። የባዕድ ስም ጉዳይም ቀላል የማይሆነው ለዚህ ነው፤ በስድ ንባብ ጁሊየት ብንል ዡልዬት ብንል የሚቀየረው መልኩ ብቻ ነው፣ በስንኝ ውስጥ ግን ቤቱ ሊፈርስ ይችላል።

እስቲ ወደ ሚኒባሱ እንመለስ። ጳውሎስ፣ ዊንጌት፣ ሳንሱሲ፦ ሦስቱም በጽሕፈት አራት አራት ፊደል ናቸው። አሁን አንድ ተራ ሐረግ እንሥራባቸው። «ዊንጌት ላይ ወርጄ» ስንል ዊን-ጌት-ላይ-ወር-ጄ፣ አምስት ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን ይገባል። «ጳውሎስ ላይ ወርጄ»ም እንዲሁ ጳው-ሎስ-ላይ-ወር-ጄ፣ አምስት ነው። «ሳንሱሲ ላይ ወርጄ» ስንል ግን ሳን-ሱ-ሲ-ላይ-ወር-ጄ፣ ስድስት ሆነ፤ የወል ቤት ነው። የፊደሉ ቁጥር አልተለወጠም። የተለወጠው ሳድሱ ነው፤ ዊንጌትና ጳውሎስ እያንዳንዳቸው ሁለት ባዶ ሳድስ አሏቸው፣ ሳንሱሲ አንድ ብቻ። ይህን ያህል ነገር በየቀኑ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ እኔ ሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ሰባት እያልኩ ቀይ አሰምር ነበር።

ከሦስቱ ስሞች አንዱም አማርኛ አይደለም። ጳውሎስ ከግሪክ በግዕዝ በኩል የመጣ ነው። ዊንጌት የእንግሊዛዊው ጄኔራል ስም ነው፤ በባለቤቶቹ አፍ ሁለተኛው ቀለም «ጌይት» የሚል ተንሸራታች አናባቢ አለው፣ እኛ «ጌት» ብለን አሳጠርነው። ሳንሱሲ በድምፁ ከፈረንሳይኛው «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ከሚለው ሐረግ ጋር አንድ ነው፤ የፕሩሺያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 በፖትስዳም ያሠራው ቤተ መንግሥትም በዚሁ ሐረግ ይጠራል። ፈረንሳዊ ሲለው በመጀመሪያው ቀለም ውስጥ ን የሚባል ድምፅ አይሰማም፤ አናባቢው ራሱ በአፍንጫ ይወጣል። አማርኛ እንዲህ ያለ አናባቢ ስለሌለው የአፍንጫውን ድምፅ ለብቻው አውጥቶ ን አደረገው። ቀለሙ ሦስት እንደሆነ ቀረ፣ ድምፁ ግን የኛ ሆነ።

ሁልጊዜም ቁጥሩ አይጠበቅም። የጣሊያንኛው ፒያሳ በባለቤቶቹ አፍ ሁለት ቀለም ነው፤ እኛ ፒ-ያ-ሳ ብለን ሦስት አደረግነው። ካዛንቺስ በተቃራኒው ካዜ ኢንቺስ ከተባሉት የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች የመጣ ስለሆነ በመነሻው አራት ቀለም ነበር፤ ዛሬ ካ-ዛን-ቺስ፣ ሦስት ነው። ስለ ካዛንቺስ ግጥም የሚጽፍ ሰው አራት አድርጎ ይቁጠር የሚል መምህር አላየሁም። እኔም አልልም። ታዲያ ዡልዬት ምን አጠፋች?

ከበደ ሚካኤል ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. የሼክስፒርን ተውኔት ወደ አማርኛ ሲያመጡት የስሞቹ ድምፅ በዚያው ቋንቋ ጆሮ ተሰምቶ የመጣ ነው። ዡ የምትለዋ ፊደል ለዚህ በቂ ምስክር ናት፤ «አኒባል» ያሉት ተውኔታቸውም እንዲሁ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰማው ሀ እዚያ የለም። ዡልዬት ዡል-ዬት ነው፤ ሁለት ቀለም። ሮሜዎ ሮ-ሜ-ዎ ነው፤ ሦስት። ና ሲጨመር ሮ-ሜ-ዎ-ና-ዡል-ዬት፣ ስድስት ይሆናል። የተማሪዋ ቆጠራ ይኸው ነው። በእኔ እርማት ሮሚዮና ጁሊየት ብንል ሮ-ሚ-ዮ-ና-ጁ-ሊ-የት፣ ሰባት ይሆንና ከወል ቤት ሐረግ ይወጣል። ከበደ ርእሱን ስድስት ቀለም ይሁን ብለው አቅደው ሠሩት አልልም፤ እሷም አላለችም ነበር። የምንለው ርእሱ ስድስት ቀለም መሆኑን ነው።

ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ የሮሜዎ ዎ ናት። ለብዙ ዓመታት ከፈረንሳይኛ ተጽዕኖ የመጣች መስላኝ ነበር። አይደለችም። የግዕዝ ተርጓሚዎች ከግሪክ ሲመልሱ ኤ እና ኦ ጎን ለጎን በመጡባቸው ጊዜ በመካከላቸው ው አስገብተው ዎ ያደርጉ ነበር፦ ማቴዎስ፣ ታዴዎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ቴዎድሮስ። ኢ እና ኦ ሲገጥሟቸው ደግሞ ዮ ይሉ ነበር። ስለዚህ ሮሜ ያለ ሰው ዎ ሊል ግድ ነው፣ ሮሚ ያለ ሰው ዮ። ከበደ ሮሜዎ ሲሉ የፈረንሳይኛውን አናባቢ በማቴዎስ ሥርዓት አስገቡት ማለት ነው። እኔ በቀይ «አስተካክዬ» ያለፍኩት ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የሚሠራበትን ሕግ ነው።

እነዚያ ጥንታውያን ተርጓሚዎች ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበሩ ለማየት ጢሞቴዎስን ብቻ መመልከት ይበቃል። በግሪኩ ስም ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ የት ዓይነቶች አሉ፤ አንደኛውን ጢ፣ ሁለተኛውን ቴ አድርገው ለይተዋቸዋል። ጴጥሮስ ላይም ጴ እና ጥ የዘፈቀደ ምርጫ አይደሉም። ግን ጥንቃቄያቸው የግሪኩን አፍ ለመቅዳት አልነበረም፤ ልዩነቱን በራሳቸው ቋንቋ ድምፆች ለመግለጽ ነበር። ቀለሙም ሲያስፈልግ ይለወጣል፤ በግሪክ አራት ቀለም የነበረው ስም ቴ-ዎድ-ሮስ ሲባል ሦስት ነው። ዛሬ ይህን ስም በአራት ቀለም ቁጠሩልን የሚል የለም።

«የባለቤቱ አነጋገር» ያልኩትም ነገር ቢሆን ጠጋ ብለው ሲያዩት የሚጨበጥ አይደለም። ሼክስፒር የሚጽፍበት ስንኝ በመሠረቱ ዐሥር ቀለም ያለው ነው፤ ሮሚዮ የሚለውን ስም እንደ ስንኙ ፍላጎት አንዳንድ ቦታ በሦስት፣ አንዳንድ ቦታ በሁለት ቀለም ያስኬደዋል። ጁሊየትም እንዲሁ። ባለቤቱ ራሱ አንድ ቁጥር አልያዘም፤ እኔ ግን ስለ እሱ ሆኜ ሦስት ብዬ ፈረድኩ።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጡት በሌላ ጆሮ ነው። የተወለዱት አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው፤ በብሪትሽ ካውንስል ይመራ በነበረው በዊንጌት ትምህርት ቤትም ተምረዋል። ከአምቦ ወደ ዊንጌት የሚያመጣው መንገድ ዛሬ እኔ የምመላለስበት ይኸው መንገድ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ለክርክሩ ግን ምንም አይጨምርም። የሳቸው «ሐምሌት» ሐ አለው። በፈረንሳይኛ ጆሮ ቢሰማ ኖሮ እንደ አኒባል አምሌት በሆነ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ቀለም ደብዘዝ ብሎ የሚዋጥ ሲሆን በአማርኛ «ሌት» ሆኖ ሙሉ ክብደት አግኝቷል። በላዩም ለአማርኛ ጆሮ ሐምሌን ያስታውሳል፣ ሌትንም ያስታውሳል። የጨለማውና የዝናቡ ወር ስም በዚያ ልዑል ስም ውስጥ ማደሩ የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ በእንግሊዝኛው ይህ የለም። ስሙን ወደ እንግሊዝኛው አፍ «እናስተካክለው» ብንል የምናጣው ይህንን ነው።

ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም ማስፋታቸው ለባዕድ ስም ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ሐምሌት ከስድስት ቀለም ላይ ሁለት ሲወስድ የሚቀረው አራት ነው፤ ከስምንት ላይ ሲወስድ ስድስት፣ ማለትም የወል ቤት ሙሉ ሐረግ ይቀራል። ይሁንና ስምንትም የማይበቃቸው ስሞች አሉ። በዚሁ ተውኔት ያሉት ሁለት ባልንጀሮች ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን በእንግሊዝኛ ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው። አማርኛ ግን ሦስት ተነባቢ ያለ አናባቢ አከታትሎ አያስኬድም፤ በመካከል አናባቢ ያስገባል። በዝግታ ስናነባቸው ሮ-ዘን-ክ-ራን-ትዝ አምስት፣ ጊል-ደን-ስ-ተርን አራት ይሆናሉ። ና ሲያያይዛቸው ሮ-ዘን-ክ-ራን-ት-ዝ-ና ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ስሞች ብቻ ጠርተን ስምንቱን ቀለም እናልፈዋለን። አንዳንድ አንባቢ ክራን አንድ አድርጎ ያስኬደው ይሆናል፤ «ክረምት»ን በአንድ ትንፋሽ የሚል እንዳለ ሁሉ። ቢሆንም አይጠብም። እዚህ ላይ ተርጓሚ ስሙን ትቶ «ሁለቱ ባልንጀሮች» ቢል፣ ወይም ስሙን ቢያሳጥር፣ ልወቅሰው አልችልም።

ለማሳጠርም አማርኛ ራሱ መንገድ ይሰጣል። ኦፊሊያ ብለን ስንጽፍ ኦ-ፊ-ሊ-ያ፣ አራት ቀለም ነው፤ ኦፊልያ ስንል ኦ-ፊል-ያ፣ ሦስት። ሊ ወደ ል ስትወርድ አንድ ቀለም ተቆጠበ። የጁሊየትና የጁልየት ልዩነትም ይኸው ነው። የስም አጻጻፍ በመጽሐፍ ውስጥ አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው የአርታኢዎች ጥያቄ በስድ ንባብ ተገቢ ነው፤ በግጥም ትርጉም ግን ተርጓሚውን ያለ አግባብ ያስራል ብዬ አምናለሁ። ሼክስፒር የወሰደውን ነፃነት ለተርጓሚው የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን ያልኩት ስለ አማርኛ ስንኝ ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በራሱ ቋንቋ ስናነብ ግን ጉዳዩ ይገለበጣል፤ እዚያ ላይ የባለቤቱን አፍ አለማወቅ ያስቀጣል። ኪትስና ዬትስ በእንግሊዝኛ ፊደል ከመነሻቸው በቀር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቱንም በአንድ አናባቢ የሚያነብ ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኛል። «ንጉሥ ሊር»ን የሚያነብም ግሎስተር የተባለውን መኳንንት ፊደሉን ተከትሎ «ግላውሴስተር» ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቀለም ብቻ የሆነው ስም አራትና አምስት ይሆንበትና የስንኙን ምት ፈጽሞ ሊሰማው አይችልም። ሌስተርና ዉስተር የሚባሉት የከተማ ስሞችም ከዚያው ጎሣ ናቸው፤ በጽሕፈት የተንዛዙ፣ በአፍ የታጠፉ። ለእነዚህ ሕግ የለም፤ ከሚያውቅ መጠየቅ ወይም መዝገበ ቃላት ማየት ነው።

በዚህ በኩል እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል አዲስ አበባ የመጣው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ ነው። የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ አምስት ፊደላት አሉት፤ ተማሪዎቼ «ዋውግ» ይሉታል፤ በባለቤቱ አፍ ግን «ዎ» ብቻ ነው፣ አንድ ቀለም። በ1936 ስለ ጣሊያን ወረራ ያወጣው መጽሐፍ ርእስ በቃል ሲተረጎም «ዎ በአቢሲኒያ» ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ጦርነት የሚለውም ቃል የሚነገረው በዚያው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ርእሱ በአፍ ሲነገር «ጦርነት በአቢሲኒያ» ይሆናል። ሰምና ወርቅ የለመደ የኛ አንባቢ ይህን ለመያዝ ማንም ሊያስረዳው አይገባም ነበር፤ ግን «ዋውግ» ካለ ሰሙም ወርቁም አመለጠው። ሕዝባችን የሚሞትበትን ጦርነት በስሙ ላይ የተጫወተበትን ርእስ ድምፁን ሳንሰማ ማለፋችን ያሳዝነኛል። መቆጣትም ቢያስፈልግ አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋልና።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ከኛው ወጥቶ ባዕድ ሆኖ ይመለሳል። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በኢየሱሳዊው በሎቦ የጉዞ ታሪክ ተጠቀሱ፤ ሳሙኤል ጆንሰን ያን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አወጣው፤ በ1759 ደግሞ የልቦለዱን መስፍን ከዚሁ ስም ቆርጦ ራሴላስ አለው። ማዕረጉና ስሙ ተጣብቀው፣ ክርስቶስ የሚለው ወድቆ፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ቀለም የሆነ አንድ ስም ተወለደ። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሲመልሱት ስሙ እንግሊዛዊ መልኩን እንደያዘ ገባ። ሥዕለ ክርስቶስ ብለው ቢመልሱት ታሪካዊውን ሰው መለሱ እንጂ የጆንሰንን መስፍን አልመለሱም ነበር፤ ስለዚህ ያደረጉት ትክክል ይመስለኛል። ባለቤትነት እንዲህ ሲሆን የባለቤቱ አነጋገር የማን ነው?

የዚያችን ተማሪ ጥናት ቅጂ አሁንም በእጄ አለ። በቅርቡ ሳንሱሲ ቤቴ ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ በቀይ የሰረዝኳቸውን ዡልዬቶች በሙሉ በእርሳስ መለስኩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ሼክስፒርን ሁለት ቀለም ብላ ቆጥራለች፤ ሼክስ-ፒር። በእንግሊዝኛ ትክክል ነው። በአማርኛ አፍ ግን ክ፣ ስ እና ፕ ተከታትለው ስለሚመጡ ሼክ-ስ-ፒር ይሆናል እላለሁ፤ ሦስት። ሼክስፒየር ብለው የሚጽፉት ደግሞ አራት ያደርሱታል። በራሷ ሚዛን ብትመዝነው ኖሮ እዚህ ላይ ሁለት አትልም ነበር። ያኔ በዚያ ገጽ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ የእንግሊዝኛው ቁጥር ስለሆነ ትክክል መስሎኝ አልፌዋለሁ።